ጀርባቸውን የሰጡኝ ሰዎች

ክቡራትና ክቡራን፣ የፌስቲቫላችን የቦርድ ሰብሳቢ አቶ ይታያል፣ የቢሮ ባልደረቦቼ፣ ከአማኑኤልና ከሉማሜ ድረስ የመጣችሁልኝ ወዳጆቼ፤ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ይህን የሽኝት ድግስ ያሰናዱልኝን ልጆች ግን ለብቻ ላመስግን። ሰሞኑን ወደዚህ አዳራሽ ብቅ ባልኩ ቁጥር "እትዬ አይናዲስ፣ አይግቡ፣ ቀለም እየተቀባ ነው" ይሉኝ ነበር። አሁን ስገባ ወጥ ወጥ ሸተተኝ። እንዲህ የሚሸት ቀለም ከሆነማ በየዓመቱ ይቀባ።

ጌቱ፣ ማይኩን ትንሽ ከፍ አድርግልኝ። ለማታውቁት፣ ጌቱ የድምፅ ባለሙያችን ነው። የእኔን ሻካራ ድምፅ ለሰው ጆሮ እንዲመች አድርጎ ሲያወጣ የኖረ እሱ ነው። ቃና ያለው ድምፅ አላት ብላችሁ ካሰባችሁ ጌቱ ነው ያታለላችሁ።

"አጭር ንግግር ይሁን" ተብያለሁ። ሰውን መድረክ ላይ አውጥቶ "አሳጥር" ማለት የእኔ ሥራ ነበር፤ ስንቱን አርቲስት አስቀይሜበታለሁ! ዛሬ ተራው የእኔ ሆነ። ደግሞም አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ ዛሬ የመጣሁት ልኮራ ነው። ትሕትናውን ነገ ቤቴ ቁጭ ስል እጀምረዋለሁ።

ምን ያልሆንኩት ነገር አለ? ቀበሌ ኪነት ውስጥ ስገባ ለመዝፈን አልነበረም። ቁመቴ ረዘም ያለ ስለነበር ባንዲራ እንድይዝ ነው የወሰዱኝ። ዘፋኟ አግብታ ስትሄድ ባንዲራውን ለሌላ ሰጥቼ ማይክሮፎን ያዝኩ። ከዚያ ደጀን ቡና ቤት ዘፈንኩ። ከደጀን አዲስ አበባ፤ ናይት ክለብ፣ ሙሉ ባንድ፣ መሬት የሚጠርግ ቀሚስ። ሠርግ ላይ ዘፍኛለሁ። ካሴትም አሳትሜያለሁ። ካሴቴን የገዛ ሰው ከእህቴ በቀር እስከ ዛሬ አላገኘሁም። እስቲ የገዛ ካለ እጁን ያውጣ። አቶ ይታያል፣ እርስዎ ለይሉኝታ ነው፤ ያውርዱት።

ያኔ የሰፈሬ ሰው ስሜን አይጠራም ነበር። "ያቺ ዘፋኝ" ነበር የሚለኝ፤ ሲለው ደግሞ አፉን እንዴት አድርጎ እንደሚለው ታውቃላችሁ። ዛሬ የዚያው ሰፈር ሰው ሴት ልጁን እጇን ይዞ ቢሮዬ ይመጣል። "እትዬ፣ ይቺ ልጅ ድምፅ አላት ይላሉ፤ እስቲ ስሚልኝ" ይለኛል። ይህን በዓይኔ አየሁ። በዚህ ካልኮራሁ በምን ልኮራ?

ደጀን ላይ ያሠሩኝ ሴት ወይዘሮ ምሥራቅ ይባሉ ነበር፤ ነፍሳቸውን ይማር። ቤታቸው ዋናው መንገድ ዳር ነው። የዓባይን በረሃ የሚወርዱት ከባድ መኪናዎች ሞተራቸውን ሳያጠፉ በራፉ ላይ ይደረደራሉ። በእነዚያ ሞተሮች ላይ ነው መዝፈን የተማርኩት። የጀመርኩ ሰሞን ፊት ለፊት ለተቀመጡት ባለ ኮቶች ስዘፍን ወይዘሮ ምሥራቅ ጠሩኝ።

"አንቺ ልጅ፣ ለማን ነው የምትዘፍኚው?"

"ለእንግዶቹ።"

"በሩ ሥር የተቀመጠው ሹፌርስ እንግዳ አይደለም? እሱ ካልሰማሽ አልዘፈንሽም።"

በዚያ ቤት እንደምታውቁት እንግዳው ግጥም ይሰጣል፤ "ተቀበይ!" ይላል፤ ዘፋኟ ትቀበላለች። ሙገሳ ይሁን ስድብ፣ አልቀበልም ማለት ነውር ነው። ባለ ኮቶቹ የሚሰጡኝ ግጥም ስለ ራሳቸው ነበር። ከበሩ ሥር የሚመጣው ግን ሲነጋ በረሃውን የሚወርድ ሰው ግጥም ነው። እናቱን ያነሣል፤ ልጁን ያነሣል። ያን ግጥም ስቀበል እንባዬን እየዋጥኩ ነበር። ከዚያ ወዲህ የትም መድረክ ላይ ስወጣ ዓይኔ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ በሩ ነው። ናይት ክለብ ውስጥ እንኳ "ይህች ዘፋኝ የምትጠብቀው ሰው አላት" እያሉ ያሙኝ ነበር።

እንዲህ እያልኩ ስኖር አንገቴ ላይ እብጠት ወጣ። እንቅርት ነው፤ ለእኛ አገር ብርቅ አይደለም። በኦፕራሲዮን ወጣልኝ። እኔ ተረፍኩ፤ ድምፄ አልተረፈም። ማንም አላጠፋም፤ ሐኪሙ አስቀድሞ ነግሮኛል። የነቃሁ ዕለት ነርሷን ውሃ ልለምን አፌን ስከፍት የወጣውን ድምፅ ሌላ ሰው የተናገረ መስሎኝ ዞር ብዬ አየሁ። አለቀስኩ። ከልጅነቴ ጀምሮ የምበላበት፣ የምታወቅበት፣ የምወደው ነገር እሱ ብቻ ነበር። ድምፁን ያጣ ዘፋኝ ምን ተብሎ ይጠራል?

ወደ ደብረ ማርቆስ፣ ወደ እህቴ ቤት ተመለስኩ። ይህ ፌስቲቫል ሊቋቋም ዳይሬክተር ሲፈለግ እህቴ እየጎተተች ወደ ፈተናው ወሰደችኝ። አቶ ይታያል ጠየቁኝ።

"ከዚህ በፊት ሰው አስተዳድረው ያውቃሉ?"

"አላውቅም። ሰክሮ ሊደባደብ የተነሣ ሰው ግን በዘፈን አስቀምጫለሁ።"

ሳቁና ቀጠሩኝ። አቶ ይታያል፣ ያን ቀን ባይስቁ ኖሮ እኔ ዛሬ እዚህ አልቆምም። ይህን ውለታ እዚሁ ሰው ፊት እመሰክራለሁ።

የመጀመሪያውን ፌስቲቫል የምታስታውሱት አላችሁ። መስቀል አልፎ፣ ሜዳው ገና ለምለም ነው። ሰዉ ከየገጠሩ ጋቢውን ለብሶ፣ ጃንጥላውን ዘርግቶ መጥቷል። አዝማሪው እንዳላማው ማሲንቆውን ይዞ ወጣ፤ ገና አንድ ስንኝ እንዳለ መብራት ሄደ። ጌቱ፣ ፊትህን አታዙር፤ ጥፋቱ ያንተ አልነበረም። ጄኔሬተሩን ቢለምነው ቢለምነው እምቢ አለ። ከፊት ያሉት እንዳላማውን ይሰሙታል፤ ከኋላ ያለው ሰው "አልሰማንም!" ይላል። ጃንጥላውን እያጠፈ መንገድ የጀመረም ነበር። እኔ "ቆዩ!" ብዬ ልጮህ ብል በምን ድምፄ?

ይኼኔ ከፊት ረድፍ የአማኑኤሉ ገበሬ አያ ውበቱ ዱላቸውን ተደግፈው ተነሡ። "ተቀበል!" አሉት እንዳላማውን።

መብራት ጥሎን ቢሄድ እኛ መች ሄድንና፤
ዝፈን የኔ ጌታ ሁላችን አለንና።

እንዳላማው ተቀበላቸው። ከኋላ "ምን አለ? ምን አለ?" ይላል ሰው። አያ ውበቱ ምን አደረጉ መሰላችሁ? ለመድረኩ ጀርባቸውን ሰጥተው ዞሩና "ተቀበሉ!" ብለው ስንኟን ለሁለተኛው ረድፍ አቀበሉ። ሁለተኛው ረድፍ ተቀብሎ ዞረ፤ ለሦስተኛው አቀበለ። እንዲህ እንዲህ እያለ ያ ሁሉ ሰው ረድፍ በረድፍ ጀርባውን ሰጠን።

የዕለቱ የክብር እንግዳ ከጎኔ ተቀምጠዋል። አገሩን አያውቁም። ደንግጠው ኮታቸውን አነሡ። "ሕዝቡ ተቀይሞናል! ጀርባውን ሰጠን እኮ! ምን አድርገነው ነው?" እኔ እጅጌያቸውን ይዤ "ይቀመጡ ጌታዬ፣ ይስሙ" አልኳቸው። ስንኟ ከእኛ ርቃ ርቃ ሄደች። ትንሽ ቆይቶ ከአጥሩ ሥር፣ ከመጨረሻው ሰው ዘንድ፣ ዘፈን ሆና በእልልታ ተመለሰች። ጃንጥላውን አጥፎ የነበረው ሰው መልሶ ዘረጋው።

በሩ ሥር ያለው ሹፌር ሰማ ማለት ነው። ወይዘሮ ምሥራቅን ያኔ ባገኛቸው! በናይት ክለብ ስንት ጊዜ ተጨብጭቦልኛል፤ ያ ጀርባ ግን ከዚያ ሁሉ ይበልጥብኛል። ድምፅ አልባዋ ዘፋኝ ያን ዕለት አንድ ሜዳ ሙሉ ጉሮሮ አገኘሁ። ከዚያ በኋላ ብርድ ሲመታኝም፣ በጀት ሲጓደልም፣ አንዴም ቢሆን ለራሴ አዝኜ አላውቅም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ በየዓመቱ የመክፈቻውን ዘፈን ያለ ማይክ፣ በቅብብል እናደርጋለን። መብራት እያለም እናጠፋዋለን። አሁን ልብ ብላችሁ ስሙኝ፤ የሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ መክፈቻው በትልልቅ ስፒከር ይሁን ይላል። በቴሌቪዥን በቀጥታ ይተላለፋል፤ ሰዉም በዝቷል፤ ቅብብሉ እስከ ኋላ አይደርስም ብለዋል አቶ ይታያል። ክፋት የለበትም፤ ሐሳብዎ ፌስቲቫሉን ለማሳደግ ነው። በሌላው ሁሉ እስማማለሁ። ስፒከሩ ይምጣ፣ ቴሌቪዥኑም ይምጣ። መክፈቻውን ብቻ ተዉልን። ከነገ ጀምሮ የምወስነው ነገር የለኝም። አሁን የምለው እንደ ልመና ይያዝልኝ።

ሂዊ፣ ልጄ፣ ወንበሩ ያንቺ ነው። ለሰው ሁሉ ልንገርልሽ፤ ይህች ልጅ ከእኔ የተሻለች ዳይሬክተር ትሆናለች። ይህም ያኮራኛል። ወንበሩ አንድ እግሩ ይወላገዳል፤ ከሥሩ ካርቶን ሸጉጪበት። አርቲስት ሲቆጣሽ መልስ አትስጪ፣ ምሳ ጋብዢው። መድረክ ስትሠሪ ግን መጀመሪያ ከአጥሩ ሥር ሄደሽ ቁሚ።

ለሁላችሁም ጤናውን ይስጣችሁ። ልጅ የሌላችሁ ልጅ፣ ልጅ ያላችሁ ትዳራቸውን ለማየት ያብቃችሁ። የደከማችሁበት ፍሬ ያፍራ። አገራችንን ሰላም ያድርግልን፤ ሰው ከየቀዬው ጋቢውን ለብሶ ሳይሳቀቅ ወደ ሜዳችን ይምጣ። የከርሞ ሰው ይበለን።

ጌቱ፣ ማይኩን አጥፋልኝ። አዎ፣ አጥፋው።

አሁን የምትሰሙኝ የፊት ረድፍ ብቻ ናችሁ። ይበቃኛል። ተቀበሉ!

እኔ ልቀመጥ ነው፣ እናንተ ቁሙልኝ፤
የተቀበልኩትን ለልጅ አቀብሉልኝ።

ቆይ፣ ቆይ፣ አታጨብጭቡ፤ ይለፍ።

ይህንንም አቀብሉልኝ፤ ሥራነሽ! የጥበቃችን ሥራነሽ፣ በሩ ሥር ያለሽው! ምን ደረሰሽ? እስቲ ድገሚልኝ።

"እኔ ልቀመጥ ነው፣ እናንተ ቁሙልኝ፤ የተቀበልኩትን ለልጅ አቀብሉልኝ።" አያችሁ? አንዲት ቃል ሳትጎድል ደረሰች።

አቶ ይታያል፣ አሁን ምን እንደሚያስቡ ከፊትዎ ላነብ ፈልጌ ነበር፤ አልቻልኩም። ያየሁት ጀርባዎን ነው። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።