አንድ ዓይኑ የጎደለው ሽማግሌ

ጎሬ ሳለን ነው። የገና በዓል ሲደርስ ግሪኩ ባለሱቅ ሙሴ ኒኮላ ከፈረንጅ አገር የልጆች መጽሔት የወጣ ትልቅ ባለቀለም ሥዕል ለልጆቼ ሰጠኝ። ቀይ ካባ የለበሰ ጺማም ሽማግሌ፣ ጆንያ ሙሉ መጫወቻ ተሸክሞ በረዶ ላይ ይሄዳል። ልጆቼ በደስታ አበዱ፤ እኔም በሊጥ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩት። በዋዜማው የንስሐ አባቴ ቤቱን ጠበል ሊረጩ መጡና ገና ከደጃፉ መስቀላቸውን አወጡ። «አውርጂው! ይሄ ሰይጣን ነው!»

«ኧረ አባ፣ ለልጆች ስጦታ የሚያድል ሽማግሌ ነው።»

«ታዲያ ሌላው ዓይኑ የታለ? የቤተ ክርስቲያኑን ሥዕል አላየሽም? በአንድ ዓይን የሚሣለው ይሁዳና ሰይጣን ነው፤ ጻድቅ ፊት ለፊት ያያል።»

እውነታቸውን ነው፤ ፈረንጁ ሠዓሊ ሽማግሌውን በጎኑ ነበር የሣለው። ልጆቼ ግን ማልቀስ ጀመሩ። እኔ ደግሞ የልጅ እንባ ሳይ ደሜ ይፈላል! ከምድጃው የጠፋ ከሰል አነሳሁና ጉንጩ ላይ ሌላ ትልቅ ዓይን ሣልኩለት። «ይኸው አባ፣ ሁለት!»

አባ ቀረብ ብለው አዩት፤ ራቅ ብለው አዩት። «እንዲህ ነው እንጂ! አሁን ሰው መሰለ» አሉና እሱንም ጠበል ረጩት።

በማግስቱ ሙሴ ኒኮላ እንኳን አደረሳችሁ ሊለን መጥቶ ሥዕሉን ሲያይ አፉን በእጁ ያዘ። «እትዬ፣ ምን አደረጉት?»

ደረቴን ነፋሁ። «ክርስትና አነሳሁት!»