የጋሽ በሪሁን ጆሮ

ሻሸመኔ፣ ወፍጮ ቤት አጠገብ ያለ ጋራዥ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት፤ መካኒኩ ጋሽ በሪሁን የካቻቢቴውን ጫፍ የጆሮ ክሊኒክ ነርስ በሆነችው በሲስተር ትርንጎ ቮልስ ሞተር ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ ተክሎ ያዳምጣል።

በሪሁን፦ ሞተሩ ይወርዳል። አለቀ!

ትርንጎ፦ ኧረ በፈጠረዎት! ልጄ ዛሬ ስምንት ሰዓት ሐዋሳ ትመረቃለች። ዘይት ይቀይሩልኝ አልኩ እንጂ ሞተር ያውርዱልኝ አልኩ?

በሪሁን፦ የሞተሩ ኩሽኔታ ድርርር ይላል። ሠላሳ ዓመት እንጀራ የበላሁት በዚህ ጆሮ ነው!

ትርንጎ፦ እኔም የሰው ጆሮ ሳጥብ ሃያ ዓመቴ ነው። ግን ጥርስ ነክሶ፣ ዓይን ጨፍኖ ማዳመጥ ምን የሚሉት ነው?

በሪሁን፦ በዚህ የወፍጮ ጩኸት መሃል ሌላ በምን ይሰማል?

ትርንጎ፦ እስቲ እንደገና ይጨፍኑ። ጫፉን እኔ ልያዝልዎት።

በሪሁን፦ ያዢ... ይኸው! ድርርርር! እንዲያውም ብሶበታል!

ትርንጎ፦ ኩሽኔታው?

በሪሁን፦ ታዲያ ማን ሊሆን ነው?

ትርንጎ፦ ዓይንዎን ይግለጡ። ካቻቢቴው ያለው ለምርቃቱ በጋገርኩት ድፎ ዳቦ ላይ ነው።

በሪሁን፦ ...ዳቦው ውስጥ ምን ከተትሽበት?

ትርንጎ፦ ጥቁር አዝሙድ! ጋሽ በሪሁን፣ ከጆሮ ታምቡር ጋር የተያያዘች ትንሽ ጡንቻ አለች። አጥብቀው ሲጨፍኑ፣ ጥርስ ሲነክሱ ትወጠራለች። ጎማ ተሸክመው ሲቆዩ ክንድዎ ይንቀጠቀጥ የለ? እሷም ትንቀጠቀጣለች፤ ጆሮ ውስጥ ስለሆነች ይሰማዎታል።

በሪሁን፦ በሽታ ነው?

ትርንጎ፦ ምንም አይደል። አንዳንዱ ሰው እንዲህ ነው።

በሪሁን፦ ቆይ... ስጨፍን ድርርር። ስገልጥ ጭጭ። ወይኔ በሪሁን! ስንቱን ደህና ሞተር አወረድኩ! አደራሽን፣ ከተማው እንዳይሰማ።

ትርንጎ፦ ከተማውማ «በሪሁን ጋ ገብቶ ሞተሩ ሳይወርድ የወጣ ብስክሌት ብቻ ነው» ካለ ቆየ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው!

በሪሁን፦ አፈርኩ፣ ሲስተር። በእውነት አፈርኩ።

ትርንጎ፦ ይፈሩ ግድ የለም፤ ብቻ ዘይቱን ይቀይሩልኝ።

በሪሁን፦ በአሥር ደቂቃ አደርሰዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ፤ ከኋላ ቦታ ያዢልኝ።

ትርንጎ፦ ደግሞ ሐዋሳ ምን አለዎት?

በሪሁን፦ ሚስቴ አስካለ ሐዋሳ እናቷ ቤት ከገባች ወር ሆናት። «አንቺ አፍሽን በከፈትሽ ቁጥር ጆሮዬ ይጮኻል» ብዬ ያባረርኳት እኔ ነኝ፤ ለካ ጥርሴን የምነክሰውም እኔው!