እየተቀነሰ የሚያድር ቁጠባ

ሽማግሌው አስገር ከከተማ ወደሚኖርበት ደሴት የምትመለሰውን መርከብ ሲሳፈር ጭጋጉ ባሕሩን ውጦት ነበር። ቦታ ሲፈልግ የእኅቱን ልጅ ሲሰልን በመስኮቱ ዳር ተቀምጣ አገኛት። ሲሰል በኮፐንሃገን የምጣኔ ሀብት መምህርት ናት። ጥቂት እንደ ተጓዙ ካፒቴኑ ጭጋጉ እስኪገፈፍ ጉዞውን አቆመ፤ መርከቧም በነጩ ጸጥታ መካከል እንቅልፍ እንደ ያዘው ሰው ቀስ እያለች ትወዛወዝ ጀመር።

«አጎቴ፣ ያንን ቦርሳ ምነው አቅፈው ያዙት?»

«ዕድሜዬ ነው ያለበት» አላት። ዕድሜውን ሙሉ ጀልባ ሲሠራ ኖሮ፣ ካረጀ ወዲህ የጀልባ መሥሪያውን ዘግቶ በቁጠባው የሚኖር ሰው ነው። «ባንኩ ከተወሰነ መጠን በላይ ካስቀመጥህ ወለዱን አንተ ትከፍለናለህ አለኝ። ልጅ ሳለሁ ባንኩ ነበር ለእኔ የሚከፍለው። ዓለም ተገልብጣ ነው ወይስ እያለምኩ ነው? ስለዚህ ሁሉንም አወጣሁት፤ አልጋዬ ሥር ይደር።»

«አላለሙም፤ ማዘንዎም ተገቢ ነው» አለች ሲሰል። «ከውጭ የሚጎርፈው ገንዘብ መገበያያችንን ክሮነርን ከልክ በላይ እንዳያስወድደው ብሎ፣ ብሔራዊ ባንኩ ባንኮች እሱ ዘንድ ለሚያሳድሩት ገንዘብ ያስከፍላቸዋል። እነሱ ደግሞ ክፍያውን ወደ ቆጣቢው ያሻግሩታል። በዓመት ከመቶ ክሮነር ግማሽ ክሮነር ገደማ ነው።»

«ተበዳሪው ይሸለማል፣ ቆጣቢው ይቀጣል በይኛ! እኔ ምን አጠፋሁ?»

«ምንም አላጠፉም። ግን አልጋ ሥር ያለውን ሌባ ቢወስደው ማን ይተካልዎታል? ባንክ ቢወድቅ እንኳ ዋስትና አለ። ደግሞም ዕቃ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ይወደዳል፤ የተኛው ገንዘብ ማንም ሳይነካው አቅሙ ይደክማል።»

«እንደ እናትሽ ነሽ፤ መልስ አይጠፋሽም። ታዲያ ላቃጥለው?»

«እስከ ገደቡ ድረስ ያለው ባንክ ይደር፣ ምንም አይነኩበትም፤ ለክፉ ቀን ይሆንዎታል። ለቀረው ሥራ ይስጡት። ጀልባ የሚሠሩ ባልና ሚስት መሥሪያውን እንከራይ ብለው ለምነውዎት አልነበረም?»

«ጣራው ያፈሳል። ማሳደሱ ደግሞ ገንዘብ ይበላል።»

«ቤትዎስ? ነፋሱ በመስኮቱ እየገባ የሚያቃጥሉት ማገዶ ለሰማይ ነው።»

አስገር ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ከመስኮቱ ውጭ ባለው ነጭ ጭጋግ ውስጥ ሟች ሚስቱ ቦዲል ሻርፕ ተከናንባ የቆመች መሰለው። መስኮቶቹ ይቀየሩ ስትለው ኖራ ነበር፤ እሱም በየዓመቱ «ወለዱ ትንሽ ይጨምር» ይላት ነበር። መቆጠብ ማለፊያ ልማድ ነው፤ የቆጠበበትን ጉዳይ የዘነጋ ሰው ግን ገንዘቡን ጠባቂ እንጂ ባለቤት አይሆንም።

ጭጋጉ ተገፍፎ የደሴቱ ቀይ ጣራዎች አንድ በአንድ ብቅ ሲሉ፣ አስገር «ቦዲልም ይህንኑ ነበር የምትለኝ» አለ ዝግ ብሎ። «እሺ፣ ነገ አብረሽኝ ወደ ከተማ ትመለሻለሽ። ይህን ተሸክሜ ብቻዬን አልሳፈርም።»

በማግስቱ ከገደቡ ያላለፈውን መልሶ ባንክ አስገባ። በቀረው የመሥሪያውን ጣራ አሳድሶ ለባልና ሚስቱ አከራየው፣ የቤቱንም መስኮቶች ባለ ድርብ መስታወት አደረገ። በዚያ ክረምት የማገዶ ወጪው ቀነሰለት፤ ባንኩ ከቁጠባው ምንም አልወሰደም፤ ከመሥሪያውም የወር ኪራይ ይገባለት ጀመር። በማለዳ ወደቡ ዳር ካለው መሥሪያ የሚመጣው የመዶሻ ድምፅ ግማሽ እንቅልፍ ላይ ሳለ ሲደርሰው፣ ወጣትነቱ የተመለሰ እየመሰለው ፈገግ ይል ነበር።

በጸደይ ተከራዮቹ የመጀመሪያ ጀልባቸውን ጨርሰው፣ ወደ ውኃ ሲያወርዷት አብሮ እንዲገፋ ጠሩት። አስገርም ጫማውን አውልቆ እስከ ጉልበቱ ገባና ገፋት። ጀልባዋ ከመዳፉ ተላቃ ቀለል ብላ ስትንሳፈፍ፣ ዓይኑን ሳይነቅል ቆሞ አያት፤ ውኃው ቀዝቃዛ መሆኑ እንኳ ትዝ ያለው፣ ልትጠይቀው የመጣችው ሲሰል ጠርታ ስታወጣው ነው።