ወደ ኋላ የሄደው ውሃ

ሰፈሩ «ጋሼ ቧንቧ» የሚላቸው አንጋፋ የቧንቧ ሠራተኛ፣ አንድ ጠዋት መጋዝ ሊገዙ ዕቃ መሸጫው ሲገቡ የወንድማቸውን ልጅ ባንኮኒው ጋ አገኙት። ወጣቱ ኮሌጅ ጨርሶ በውሃ አገልግሎት ተቀጥሯል፤ በእጁ አውራ ጣት የምታህል የነሐስ ቫልቭ ይዟል።

«ይቺን ደግሞ ገዛሃት?» አሉ እየሳቁ። «እኔ ከየቤቱ ስነቅላት ነው የኖርኩት። ውሃውን ታንቃለች።»

«ጋሼ፣ የነቀሉት እኮ ዘበኛዋን ነው። ውሃ ሲገባ ትከፍታለች፤ ሊመለስ ሲል ትዘጋለች።»

«ውሃ ደግሞ ምን ረስቶ ይመለሳል?»

ባለሱቁ ሳቀ። ወጣቱም አብሮ ሳቀና ቀጠለ።

«ዋናው መስመር ሲሰበር ግፊቱ ይጠፋና ቧንቧው መልሶ ይስባል። የውሃ ጎማ በርሜል ውስጥ ተነክሮ ከተተወ፣ በርሜሉ ውስጥ ያለው ሁሉ መስመር ይገባል። የሚጠጣው ጎረቤት ነው።»

«ተወኝ እባክህ! አርባ ዓመት ስሠራ አላየሁም።»

«አይታይማ። አምና መንገድ ሲቆፈር መስመሩ የተሰበረ ሰሞን፣ አክስቴ አልታመመችም?»

ጋሼ ቧንቧ ቫልቯን ከእጁ ተቀብለው አገላበጧት። ከእህታቸው ቤት አጥር ለአጥር ያለው አበባ ሻጭ ፍግ በበርሜል ይዘፈዝፋል፤ ጎማውም ከበርሜሉ አይወጣም። የእሱን ቫልቭ የነቀሉት ራሳቸው ናቸው። እህታቸው ሁለት ሳምንት በተቅማጥ ስትማቅቅ ደግሞ፣ ጠያቂ በተሰበሰበበት «እጅሽን ብትታጠቢ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር» ብለው ነበር። ከዚያ ወዲህ እሷ ቤት ውሃ የሚጠጣ እንግዳ ጠፋ።

«ከሌላ ነገርም ሊሆን ይችላል» አሉ በቀስታ።

«ይችላል፤ የመረመረ የለም። ቆሻሻው የሚያልፍበት መንገድ ግን ክፍት ነበር።»

«እና አሁን ምን ይሻላል?»

«ጎማው ከበርሜሉ አፍ በላይ ይንጠልጠል እንጂ አይነከር። ቫልቯም ትመለስ። ባልዲው ትንሽ ዘግይቶ ይሞላል፤ ግን የአንዱ ቤት ቆሻሻ የሌላው ልጅ ብርጭቆ ውስጥ አይገባም።»

ሽማግሌው መጋዙን ትተው ቫልቭ ገዙ። የአበባ ሻጩን መስመር አስተካክለው እህታቸው በር ላይ ቆሙ።

«እህቴ፣ ያኔ ያሳመመሽ የእጅሽ ቆሻሻ አይመስለኝም። የእኔ ሥራ ነው» አሉና ሁሉንም ነገሯት።



«የሰደብከኝ በሰው ፊት ነው» አለች። «ይቅርታው ለብቻዬ ነው?»

 የመሣሪያ ሳጥናቸውን አነሱና ከግቢው ወጥተው፣ ያን ቀን ስድቡን ከሰሙት ጠያቂዎች የመጀመሪያዋን በር አንኳኩ።