ማንም ያልጠየቀው ፈተና

በ1977 ዓ.ም. በጋ፣ አቶ ደምሌ ዘመድ ጠይቀው ወደ አዲስ አበባ ሊመለሱ በጋይንቷ ንፋስ መውጫ ከተማ አውቶቡስ ሲጠብቁ፣ ከሻይ ቤቱ ደጃፍ የሥራ ባልደረባቸውን ፈትለወርቅን አገኟት። ሁለቱም ለተራበው ወገን እህል በሚያድል መሥሪያ ቤት የኮምፒዩተር ፕሮግራም ይጽፋሉ። እሳቸው አንጋፋ ናቸው፤ እሷ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣች ዓመት አልሞላትም። ወደ ጋይንት የመጣችው የሕዝቡን ጥያቄ ልትሰማ ነበር፤ አሁን እሷም ተመላሽ ናት።

«ጋሽ ደምሌ፣ የሰኞው የእህል ድልድል በእርስዎ ፕሮግራም ነው። ተፈትኗል?»

«እያንዳንዷን ክፍል ለብቻዋ ፈትኛለሁ። መደመሩ በይው፣ ማካፈሉ በይው፣ አንዱም አልወደቀም» አሉ ኮራ ብለው።

«ሕዝቡ የጠየቀውንስ?»

«እሱ የስብሰባ ጉዳይ ነው፤ የኔ ሒሳብ ነው። ጥያቄንና ፈተናን ምን አገናኛቸው፣ ልጄ?»

የአዋቂ ችግሩ ይኸው ነው፤ ሥራው ከማማሩ የተነሣ ለማን እንደሠራው ይዘነጋል።

«ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል፤ እንግዲህ ልናገር» አለች ፈትለወርቅ በትሕትና። «እዚሁ ጋይንት ያሉት የቤተ ልሔም መምህር ለተማሪው የሚመሰክሩለት ሊማረው በመጣው ድጓ ነው እንጂ በቁመናው ማማር አይደለም። የጋይንት ሰው ‹የቆሎ ተማሪዎች ድርሻ አይቅርባቸው› ብሏል። ለዚህ የሚመልሰው የትኛው ፈተናዎ ነው?»

አቶ ደምሌ ፈተናዎቻቸውን በልባቸው አገላበጡ። አንድም አላገኙም።

«ይሁን፣ ይህን አልፈተንኩም። ፕሮግራሙ ግን አይሳሳትም።»

«የቤተሰብ ኃላፊ የሌለው ስም ሲገባበት ምን ያደርጋል?»

«ይጥለዋል! መጣሉንም ፈትኜ አረጋግጫለሁ።»

«ያንን ፈተና የጠየቀ ማን ነው?»

አቶ ደምሌ የቆሎ ተማሪዎቹን አሰቡ። የቆሎ ተማሪ አገሩን ጥሎ የመጣ ነው፤ ምን የቤተሰብ ኃላፊ አለው? እሳቸው ራሳቸው በልጅነታቸው ደበሎ ለብሰው፣ ከውሻ ጋር እየታገሉ፣ በዚያው በቤተ ልሔም ዙሪያ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲሉ ያደጉ ናቸው።

«ያኔ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ የሚጥለው እኔን ነበር» አሉ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። «ምን ይሻላል? ሰኞን እንግፋው?»

«ሰው እየተራበ አይገፋም። ከእያንዳንዱ ፈተና ራስጌ የሚመልሰውን ጥያቄ እንጻፍ። ፈተና የሌለው ጥያቄ ካለ ሥራችን አላለቀም። ጥያቄ የሌለው ፈተና ካለም ከየት መጣህ እንበለው። ነገ ሕዝቡ ሐሳቡን ቢለውጥ እንኳ የትኛውን ፈተና እንደምንነካ ሳንደናገር እናውቃለን።»

«እውነትሽን ነው። እኔ ስፈትን የኖርኩት ማሽኑን ነው፤ የሕዝቡን ተስፋ አልነበረም።»

አውቶቡሱ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ጥያቄና ፈተና ሲያጣምሩ ዋሉ። ያንን የሚኮሩበትን ፈተናም አቶ ደምሌ በገዛ እጃቸው ሠረዙት፤ አዲስ አበባ እንደደረሱም ፕሮግራሙን የቤተሰብ ኃላፊ የሌለውን ስም እንዳይጥል አድርገው አረሙት።

ሰኞ ድልድሉ ታተመ። ከጋይንት ስሞች መካከል የቤተሰብ ኃላፊው ቦታ ባዶ የሆነ፣ የእህል ድርሻው ግን የተሞላ ብዙ ስም ነበረበት።