ያላለቀሱት ተዋናይ

ክቡራትና ክቡራን፣ ስለ ኬኩም ስለ ጭብጨባውም አመሰግናለሁ። የዐሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ለመሸኘት ይህን ያህል ሰው መምጣቱ ግን ያጠራጥራል። አዝናችሁ ነው ወይስ ተገላገልን ብላችሁ? ሃኒ፣ እባክሽ ለጋሽ ኢግናሲዮ በጆሯቸው ተርጉሚላቸው። ምንም ሳትቀንሺ።

እውነቱን ልናገር። ወንድሜ ኤልቃና በመኪና አደጋ ከሞተ በኋላ የዚህን መድረክ የመብራት ሥራ ከእሱ የተረከብኩት ቴአትር ወድጄ አይደለም። ተዋናያችንን ጋሽ ኢግናሲዮን ልሰልላቸው ነው።

ለምን? አትላንታ አጠገብ፣ ስቶን ማውንቴን ያለው ቤታችን ለቅሶ መጥተው ሲቀመጡ ዐይናቸው ደረቅ ነበር። ጎረቤታችን እትዬ ተናኘወርቅ ጠጋ ብለው፣ «ይኼ ሰውዬ መድረክ ላይ ሲያለቅስ የምናየው አይደል እንዴ?» አሉኝ።

እኔም ያሰብኩት እሱኑ ነው። ሜክሲኮ ተወልደው መድረክ ላይ ያደጉ፣ አሜሪካ መጥተው ለዓመታት በየፊልሙ መጀመሪያ የሚገደለውን ወንበዴ የሠሩ ሰው ናቸው። አትላንታ ቀረጻ ሲበዛ እዚህ መጡ፤ እዚሁ ኖርክሮስ ከተማ በእኛ ትንሽ መድረክ ላይ ልጁን የሚፈልግ አባት ሆነው ያለቅሳሉ። ለኤልቃና አንዲት እንባ ያጣሉ?

አንድ ቀን በእንግሊዝኛ ፊት ለፊት ጠየቅኳቸው።

«ማልቀስ ሥራዬ ነው» አሉኝ። «እናትህ ፊት ሥራዬን መሥራት አፈርኩ።»

ጥሩ መልስ ነው። በጣም ጥሩ። ስለዚህ አላመንኳቸውም። አሳምሮ መናገርስ ሥራቸው አይደል?

ከዚያ አዲሱ ቴአትር የሚከፈትበት ቀን ደረሰ። አዳራሹ ሞልቷል። ጋሽ ኢግናሲዮ መድረኩ መሃል ቆመው ዝም አሉ። ቃሉ የጠፋቸው መስሎኝ ደነገጥኩ። እሳቸው ግን ወደ ላይ፣ ወደ መብራት ክፍሉ መስታወት ያያሉ። ሰው ማጉረምረም ጀመረ።

መድረኩን የምታስተባብረው ሃኒ ከመጋረጃው ጀርባ በጆሮ ማዳመጫው ጮኸችብኝ፤ «እጅህን! ኤልቃና መብራቱን ሲያበራ እጁን ያነሳላቸው ነበር!»

ይህን ማንም አልነገረኝም። እሳቸውም አልነገሩኝም። ትልቁ ትዕይንታቸው በሰው ፊት እየተበላሸ የወንድሜን እጅ ይጠብቁ ነበር።

እንባ ማስመሰል ይቻላል። ግን የትኛው ተዋናይ ነው በመክፈቻው ቀን ለማስመሰል ብሎ ራሱን የሚያዋርደው? እጄን አነሳሁ። ቀጠሉ። እኔ ግን ከዚያ በኋላ መድረኩ በደንብ አልታየኝም።

አሁን ቤተሰባችን ወደ ዳላስ ይሄዳል። ታደገ፣ መብራቱን ተረክበሃል፤ እጅህን እንዳትረሳ። እዚያ ሆኜም እጠረጥርሃለሁ።

መድረካችሁ ሰው አይጣ። መንገዳችሁ ሰላም ይሁን፤ ማታ ሁላችሁም ቤታችሁ ግቡ። ጋሽ ኢግናሲዮ፣ ፊልም ላይ የፈለጉትን ያህል ይሙቱ። እዚህ ግን ዕድሜዎን ያርዝምልን።