በጧፍ የተለካው ብሎን

ውድ የሥራ ባልደረቦቼ፣ እትዬ ዝናሽ፣ እንዲሁም እዚያ ተቀምጠው «ደግሞ ምን ልታወራብኝ ነው» እያሉ የሚያዩኝ ጋሼ ይሻው፤ ለማታውቁኝ እንግዶች፣ የኮሌጃችንን የመሣሪያ ክፍል የምይዘው አዲስዓለም ነኝ።

ጋሼ ለብረታ ብረት አስተማሪነት የመጡ ዕለት እኔ የወርክሾፑን ቁልፍ ይዤ ለቅሶ ሄጄ ነበር። ስመለስ በሩ ተነቅሎ ግድግዳ ተደግፏል፤ ውስጥ አንድ ሰው ሞረድ ይወለውላል።

«ማን ነህ አንተ?» አልኩ።

«አዲሱ አስተማሪ። አልሰበርኩትም፣ ማጠፊያውን ፈትቼ ነው። ማታ እመልሰዋለሁ።»

መለሱት። ከዚያ ወዲህ ያ በር ሲጢጥ ብሎ አያውቅም።

እሳቸውን ሰርግ መጥራትም ጣጣ ነው። ሙሽሮቹን ሳያዩ ወንበሩን ገልብጠው «ይህን ማነው ያጠበቀው?» ይላሉ። ባለቤታቸው እትዬ ዝናሽ ልብስ ከማጠባቸው በፊት እንደ ኬላ ፈታሽ ኪስ ይበረብራሉ፤ ብሎን ያጡበት ቀን የለም አሉ።

አሁን ግን ዓምና በዓይኔ ያየሁትን ልናገር። የሬጅስትራሯ ወርቅነሽ አንድ እግሯ አይታዘዝላትም። ባጃጅ ከማያስገባው መንገዷ ሥራ የሚያደርሳት ወንድሟ የገዛላት የኤሌክትሪክ ስኩተር ነው። ክረምት ላይ ቀጥ አለባት። ክዳኑን እንክፈት ብንል ብሎኖቹ ጉድ ናቸው፤ ጉድጓዳቸው ሦስት ማዕዘን፣ መሀሉ ላይ እንደ እሾህ የቆመ ብረት። ካሉኝ ካቻቢቴዎች አንዱም አልገባ አለ። ሻጩ ጋ ብትደውል «ቤት ውስጥ እንዳይከፈት ተብሎ ነው፤ አዲስ አበባ ላኪው» አላት። እስኪመለስ በምን ትመላለስ? ልጅቷ ሥራዋን ልትለቅ ቆረጠች።

የብየዳው አስናቀ «በግራይንደር እንቁረጠው» አለ።

«ሥሩ ባትሪ ነው፤ ልታነደን ነው?» አሉት ጋሼ።

ከዚያ ከኪሳቸው ከቅዳሴ የተረፈች ጧፍ አወጡ። ሰሟን በትንፋሻቸው አለዝበው ብሎኑ ላይ ተጫኗት። ሲያነሷት ብሎኑን የሚፈታው ቁልፍ መልክ ሰሟ ላይ ቁጭ ብሏል። እሷን እያዩ የአሮጌ መኪና ባሌስትራ ቁራጭ አግለው ሞረዱ፣ መሀሉን ለእሾሁ በሱት፣ እንደገና አግለው ዘይት ውስጥ ነከሩት። የመጀመሪያው ተጣመመ። ስቀው ሌላ ጀመሩ። ሁለተኛው ገባ፤ ዞረ። ዕድሜዬን በመሣሪያ መካከል ኖሬ እንደዚያ ቀን ተደንቄ አላውቅም።

ውስጡ የተገኘው አንዲት የላላች ሽቦ ነበረች።

ሲዘጉት ግን የድሮዎቹን ብሎኖች አልመለሱም። ተራ ብሎን አስገቡ። ወርቅነሽን አጠገባቸው አስቀምጠው «ፍቺ፣ እሰሪ» እያሉ አለማመዷት።

«ጋሼ፣ እርስዎ እያሉ እኔ ምን አስለፋኝ?» አለች።

«እኔ ጡረታ ልወጣ ነው። አንቺ ገና ሥራ አለብሽ።»

እኛ እንደ ዋዛ ሰማነው፤ ይኸው ዛሬ ልንሸኛቸው ተሰበሰብን። ጋሼ፣ ይህን እስካሁን አልነገርንዎትም፤ ባለፈው ሳምንት ስኩተሩ ዳግም ቆሞ ነበር። ወርቅነሽ ማንንም ሳትጠራ፣ እቤቷ ፈትታ፣ ሽቦዋን አጥብቃ፣ በሰዓቷ ቢሮ ገባች።

ስለዚህ እናመሰግንዎታለን፣ እንወድዎታለንም። እጅዎ አይዛል፣ ዓይንዎ አይድከም፣ ከእትዬ ዝናሽ ጋር ያሰቡትን ሁሉ ያድርስልዎት። እንነሣ። ወርቅነሽ፣ የመጀመሪያውን ብርጭቆ አንቺ አንሺ።